ከፀሐይ በፊት የሚያዝ ቀጠሮ፤ ያገለገለ የናፍጣ ሚኒባስ ለሚገዛ ሰው

ኮልፌ ውስጥ ሚኒባስ የሚሸጥ ሰው ገዢውን የሚቀጥረው ብዙውን ጊዜ ከምሳ በኋላ ነው። መኪናዋ ታጥባለች፣ ጎማዋ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፣ ሞተሩ ከጠዋት ጀምሮ ሲሠራ ውሏል። ቁልፉ ሲዞር በአንድ ጊዜ ትነሳለች። ደላላውም «ሌላ ምንም አትፈልግም፣ ቁልፍ ተቀብሎ መንዳት ነው» ይላል። ደላላው እየዋሸ ላይሆን ይችላል። የሞቀ የናፍጣ ሞተር አብዛኛው ዕድሜው ያለቀ ቢሆን እንኳ ከሰዓት በኋላ ጤነኛ ይመስላል። ሕመሙ የሚታወቀው ሌሊቱን በርዶት ካደረ በኋላ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ቀጠሮውን ማዛወር ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ መኪናዋ ባደረችበት ቦታ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ይገናኙ። ሻጩ ቀድሞ እንዳያስነሳት በግልጽ ይንገሩት። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ንጋት ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ ለገዢ ከእነዚህ ወሮች የተሻለ ጊዜ የለም። በየቀጠሮው ሰበብ እየፈለገ ሰዓቱን ወደ ቀትር የሚመልስ ሻጭ፣ ሳያውቀው ስለ መኪናዋ ብዙ እየነገርዎት ነው።

ከቀጠሮው በፊት ግን የትኛው ሞተር እንደሆነ ይጠይቁ። ከሜክሲኮ አየር ጤና፣ ከመርካቶ አስራ ስምንት የሚመላለሱት ሰማያዊና ነጭ ሚኒባሶች አብዛኞቹ ቶዮታ ሃያስ ናቸው፤ ሃያስ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። በ1989 እ.ኤ.አ. ገበያ የወጣው ትውልድ፣ ሰዉ «ዶልፊን» የሚለውን ጨምሮ፣ ቱ ኤል (2.4 ሊትር)፣ ስሪ ኤል (2.8 ሊትር) ወይም ፋይቭ ኤል (3 ሊትር) የሚባሉትን ሞተሮች ይዟል። እነዚህ ቱርቦ የሌላቸው፣ ናፍጣቸውን በሜካኒካል ፓምፕ የሚያገኙ፣ ኮምፒውተር የማይጠይቁ ሞተሮች ናቸው። በ2004 እ.ኤ.አ. የመጣው ሰፊ አካል ያለው ትውልድ፣ በተለምዶ «አባዱላ» የሚባለው፣ ወይ ያንኑ ፋይቭ ኤል ወይም ቱርቦና ኮመን ሬል ያላቸውን ቱ ኬዲ (2.5 ሊትር) እና ዋን ኬዲ (3 ሊትር) ይዞ ይገኛል። የሁለቱ ቤተሰቦች በሽታ ይለያያል፤ የሕክምናቸው ዋጋ ደግሞ ከበሽታቸው ይበልጥ ይለያያል።

ገበያው እነዚህን መኪኖች ቶሎ የሚያሰናብት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያረጁ መኪኖችን ማስገባት እጅግ አስወደደ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሶማሌ ተራ የሚሸጠው የመለዋወጫ ዕቃም ዋጋው ከዶላሩ ጋር ነው የሚወጣው። ስለዚህ ዛሬ ሚኒባስ ሲገዙ የሚያሳስበው የመኪናዋ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የምትበላው ዕቃም አብሮ መቆጠር አለበት።

ሞተሩ ሳይነሳ

የሃያስ ሞተር ከፊት ወንበሮች ሥር ነው ያለው። ወንበሩን ያስነሱና እጅዎን ሞተሩ ላይ ያሳርፉ። ለብ ካለ «ነገ እመለሳለሁ» ብሎ መሄድ ነው፤ ይሉኝታ እዚህ ላይ ብዙ ብር ያስወጣል።

ቀዝቃዛ ከሆነ የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ቀለም ያለው ማቀዝቀዣ ከሆነ መልካም ነው። የዛገ ቡናማ ውኃ ከሆነ መኪናዋ ለዓመታት በቧንቧ ውኃ ስትሠራ ኖራለች ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ በከተማው የተለመደ ነው። በላዩ የዘይት ዓይን ከተንሳፈፈ ግን ጉዳዩ ከልማድ ያልፋል፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ወይም ራሱ ቴስታታው ተጠርጣሪ ነው።

ቀጥሎ የዘይት መለኪያውን ይምዘዙ። የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ በጥቂት ቀን ስለሚጠቁር ጥቁረቱ አያስደንግጥዎ። የሚያስደነግጠው ወተት የተቀላቀለበት ቡና መምሰሉ ነው፤ ውኃ ገብቶበታል። ልኩ ከላይኛው ምልክት አልፎ ከተገኘና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ደግሞ ነዳጅ ወደ ዘይቱ እየወረደ ነው። ዘይቱ አዲስና እንደ ማር የሚጎተት ከሆነም ይጠርጥሩ፤ የሚንኳኳ ሞተር ለሽያጭ ሲዘጋጅ ወፍራም ዘይት ማልበስ የቆየ ዘዴ ነው።

ከመኪናዋ በታች ያለውን መሬት ማየት አይርሱ። አንድ ሌሊት ያደረችበት ቦታ የፈሰሰውን ይነግራል። በሃያ ዓመት ሞተር ላይ ትንሽ የዘይት ላብ የሚጠበቅ ነው። ሌላው ሁሉ አቧራ ለብሶ ሞተሩ ብቻ ታጥቦ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ግን፣ ማን ለምን እንዳጠበው መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሲነሳ

ቁልፉን ግማሽ ያዙሩና የማሞቂያ ካንዴላው መብራት እስኪጠፋ ይጠብቁ። ፋይቭ ኤልና ዘመዶቹ ናፍጣውን በቀጥታ ፒስተኑ ላይ አይረጩም፤ በቅድሚያ ትንሽ ክፍል ውስጥ ስለሚያቃጥሉት በብርድ ጊዜ ያለ ካንዴላ መነሳት ይቸግራቸዋል። አራቱም ካንዴላ ጤነኛ ከሆነ ሞተሪኖው በጥቂት ዙር ያስነሳታል። አንድ ወይም ሁለቱ ከተቃጠሉ ለመጀመሪያው ደቂቃ ትንቀጠቀጣለች፣ ነጭ ጭስ ታወጣለች፣ ከዚያ ትስተካከላለች። ካንዴላ ርካሽ ዕቃ ነው፤ ለዋጋ መደራደሪያ ይሆናል እንጂ መኪና አያስጥልም።

ካንዴላው ደኅና ሆኖም ረጅም ጊዜ ካንገራገረች ነገሩ ኮምፕሬሽን ነው። የእነዚህ ሞተሮች የጭመቃ ልክ 22 ለ1 ገደማ ሲሆን፣ ናፍጣ የሚቀጣጠለው አየሩ በዚያ ጭመቃ ስለሚግል ብቻ ነው። የፒስተኑ ፋሻ ሲያልቅ፣ ቫልቭ ሲበላ አየሩ ያመልጣል። ኮልፌ ላይ ደግሞ መጀመሪያውኑ አየሩ ስስ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። አዋሽ ወይም ድሬዳዋ ላይ ያለ ችግር የምትነሳ ያረጀች ሚኒባስ እዚህ ንጋት ላይ እንቢ የምትለው በዚህ ምክንያት ነው። መካኒክ ይዘው ከሄዱ ኮምፕሬሽን በመለኪያ እንዲለካልዎት ይጠይቁ። ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ የአራቱ ሲሊንደሮች መቀራረብ ነው የሚታየው።

ጭሱን ከኋላ ቆሞ የሚያይልዎ ሰው ያስፈልጋል። ነጭ ሆኖ ዓይን የሚያቃጥል ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ ካንዴላ፣ ኖዝል ወይም የፓምፕ ሰዓት አቆጣጠር ይሆናል። ነጭ ሆኖ ጣፋጭ የሚሸት ከሆነና ሞተሩ ሞቆም ካልቆመ ውኃ እየተቃጠለ ነው። ሰማያዊው ዘይት ነው። ጥቁሩ ናፍጣ በዝቶ አየር ማነሱን ያሳያል፤ የአየር ፊልትሮ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ የሚያንጠባጥብ ኖዝልም ሊሆን ይችላል። ለቆላ ተስተካክሎ የመጣ ፓምፕ በዚህ ከፍታ ሲሠራም ጥቁር ጭስ ያወጣል። እንዲህ ዓይነቱን የናፍጣ ፓምፕ የሚሠሩ ቤቶች ያስተካክሉታል፤ ሞተር አያስወርድም።

ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተው ቀዳዳው ላይ ገልብጠው ያስቀምጡት። ትንሽ መንቀጥቀጡ ያለ ነው። ክዳኑ ዘልሎ ከወደቀና ቀዳዳው እንደ ማርሚታ ጭስ ከተፋ ፋሻው አልቋል፤ ሞተር ማሳደስ በዋጋው ላይ ተደምሮ ይሰላ።

የውኃው ጉዳይ

የሃያስ ባለቤቶችን ከምንም በላይ ያደኸየው ሙቀት ነው። ቱ ኤል በተለይ ከመጠን ሲሞቅ ቴስታታው በመሰንጠቅ ይታወቃል። እዚህም ከፍታው ይገባበታል። በ2,350 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የሞተሩ ተርሞስታት መከፈት የሚጀምረው ደግሞ በ80ዎቹ መጀመሪያ። በመሃል የቀረችውን ጠባብ ቦታ የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን የመፍላት ልኩን ወደ 114 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ግን ምንም አይዝም። ጂቡቲ ላይ እንዲህ ዓይነት ክዳን ያለው ሞተር በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ኮልፌ ላይ ስምንት ዲግሪ ቀድሞ። ከሁሉ ርካሽ የሆነችው ዕቃ ከሁሉ ውዱን ስትጠብቅ ትኖራለች።

ሌላው የከተማው ልማድ ተርሞስታቱን አውልቆ መጣል ነው። «ሞተር ያሞቃል» ተብሎ ይወጣል። ከወጣ በኋላ ሞተሩ ጠዋት ጠዋት ለረጅም ጊዜ ሳይሞቅ ይሠራል፣ ናፍጣ ይበላል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ያልቃል። የሙቀት ጠቋሚው ሩብ ሰዓት ነድተው እንኳ ከታች ካልተነሳ ተርሞስታት የለም ብለው ያስቡ። ለምን እንደወጣ ሻጩን ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የተደፈነ ራዲያተር ወይም ተሰንጥቆ የተበየደ ቴስታታ ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ያስነሱ። ጥቂት የአየር አረፋ ወጥቶ ከቆመ ጤና ነው። ነዳጅ ሲሰጡ የሚጨምር፣ የማያቋርጥ አረፋ ካለ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውኃው እየገባ ነው። ክዳኑ ተዘግቶ ከተነሳችም በኋላ የላይኛውን ቱቦ ይጨብጡ፤ ገና ሳይሞቅ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ያው ነው። ይህች መኪና ለሰፈር ለሰፈር ትሠራ ይሆናል። ከጎሐ ጽዮን ወርዳ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስትወጣ ግን አታልፍም። የሞቀ ራዲያተር ክዳን በምንም ምክንያት እንዳይከፍቱ፤ በዚህ የተቃጠለ ፊት በየጋራዡ አይጠፋም።

ኮመን ሬል ከሆነ

ቱ ኬዲና ዋን ኬዲ ላይ ከላይ ያለው ሁሉ እንደተጠበቀ ሆኖ ሌላ ዓለም ይከፈታል። የድሮው ኖዝል ከ100 ባር ጥቂት ከፍ ባለ ግፊት ሲከፈት፣ ኮመን ሬሉ ከ1,300 ባር በላይ ይሠራል። በዚያ ግፊት ከበርሜል የመጣ ናፍጣ፣ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ ወይም ውኃ ያለበት ሰልባትዮ ኢንጀክተር ይገድላል። አንድ ኢንጀክተር የሚያወጣው ገንዘብ የድሮውን አራት ኖዝል ያሳድሳል።

በዋን ኬዲ የታወቀ ሌላ ሕመም አለ። ከኢንጀክተሩ ሥር ያለችው የመዳብ ማኅተም ስትለቅ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል። ዘይቱ ወደ ሬንጅነት ይለወጣል፤ ሬንጁ በኮፓው ውስጥ ያለውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይደፍናል። ሞተሩ ዘይት ተነፍጎ ይነክሳል። ምልክቶቹ ንጋት ላይ ይታያሉ፦ ከተነሳች በኋላ የዘይቱ መብራት ቶሎ አይጠፋም፣ ቀዝቃዛው ሞተር ከወትሮው በላይ ይንኳኳል፣ የዘይት ክዳኑ ውስጠኛ ክፍል ጥቁር ቅርፊት ይዟል። ጥርጣሬ ካለ ኮፓው ወርዶ ወንፊቱ እንዲታይ ይጠይቁ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ሻጩ እንቢ ካለ ሌላ መኪና ይፈልጉ።

ቆማ ስትሠራ ዙሯ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ የነዳጅ ፓምፑ መቆጣጠሪያ ቫልቭ ሊሆን ይችላል፤ ብቻውን የሚቀየር ዕቃ ነው። ቱርቦውን ለማየት ወደ አየር ማስገቢያው የሚሄደውን ቱቦ አውልቀው ውስጡን በጣት ይንኩ። ቀጭን የዘይት ሽፋን ያለ ነው። የሚንጠባጠብ ከሆነ የቱርቦው ኩሽኔታ አልቋል። የእነዚህን ሞተሮች ስህተት የሚያነብ ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ ሳይወስዱ ክፍያ አይፈጽሙ።

መንገድ ላይ

አሁን ፀሐይ ወጥታለች፣ ሞተሩም ሞቋል። ለመፈተኛ ዳገት፣ ቁልቁለትና ፈጣን መንገድ ያስፈልጋል፤ ቀለበት መንገዱ ቅርብ ነው፣ ዳገትም በከተማው አይቸግርም። ሚኒባሷ በተለምዶ ከሾፌሩ ጋር 12 ሰው የምትጭን ስለሆነች ባዶዋን መንዳት ብዙ አይናገርም። የሚቻል ከሆነ ሰው ሞልተው ይሂዱ፤ ዘመድ ወዳጅ አይጠፋም።

ዳገቱ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲሰጡ ሞተሩ ጮሆ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ቆማም ይፈተናል፦ የእጅ ፍሬን ይዘው፣ ሦስተኛ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ፤ ሞተሩ መጥፋት አለበት። የታክሲ ሁለተኛ ማርሽ ከሁሉ ቀድሞ ያልቃል፤ ተራ ጥበቃና ትራፊክ መብራት ቀኑን ሙሉ የሚውሉት በእሱ ላይ ነው። ማርሽ ሲቀየር የሚያንቋርር፣ እግር ከነዳጅ ሲነሳ የሚዘል ካምቢዮ መውረድ አለበት። ከታች «ቋ» የሚል ድምፅ ሲነሱና ሲቆሙ ከተሰማ ክሮቼራ ነው፤ ቀላል ነው። ከፍጥነቱ ጋር የሚያድግ ኡኡታ ከኋላ ከመጣ ዲፈረንሻሉ ነው፤ ቀላል አይደለም።

ቁልቁለት ላይ መኪናዋ ፍሬን ስትይዝ ወደ አንድ ጎን ከሳበች የፊት ካሊፐር ተጣብቋል ወይም የኋላ ታምቡር ዘይት ጠጥቷል። ፔዳሉ ተረግጦ ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ የፍሬን ዋናው ፓምፕ አልቋል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ለዓመታት ሳይቀየር ከቆየ በረጅም ቁልቁለት ላይ ይፈላል፤ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሾፌር በከባድ ማርሽ የሚወርደው ለዚህ ነው።

ከሥርና ከጎን

ቀዳዳ መሬት ወይም የጋራዥ ፎሳ ላይ አቁመው ከሥር ይግቡ። ሻንሲው ላይ የብየዳ ጠባሳ፣ አዲስ የተቀባ ጥቁር ቀለም፣ በስቱኮ የተሞላ ቦታ ይፈልጉ። ትንሽ ማግኔት በላሜራው ላይ ቢያንሸራትቱ ስቱኮ ያለበት ቦታ ላይ አትይዝም። ባሌስትራው ላይ የተሰበረ ቅጠል፣ ከፊት ቦኮላና ቴስቲና መላላታቸውን ይመልከቱ። የፊት ጎማዎች በአንድ ጎን ብቻ ከተበሉ ሒሳቡ እዚያ ተጽፏል።

የታክሲ ዕድሜ በኪሎ ሜትር ቆጣሪ አይለካም፤ ቆጣሪ ወደ ኋላ ይዞራል። ረዳቱ ቀኑን ሙሉ የሚከፍተውና የሚዘጋው ተንሸራታች በር ግን አይዋሽም። ሐዲዱ ተቆርጦ የተበየደ፣ ሲዘጋ ከፍ ተደርጎ የሚገፋ ከሆነ፣ ፍሪሲዮን ፔዳሉ ላይ ያለው ላስቲክም እስከ ብረቱ ካለቀ፣ ሰሌዳው አሁን ኮድ 3 ቢሆንም መኪናዋ ታክሲ ስትሠራ ኖራለች። ይህ ነውር አይደለም፤ ዋጋው ግን እንደዚያው ይሁን።

ወረቀቱ

በሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከብረቱ ላይ ካለው ጋር ቆመው ያመሳክሩ። ሃያስ ላይ ሞተር መቀየር የተለመደ ስለሆነ የሞተር ቁጥር ልዩነት ብዙ ጊዜ ይገጥማል፤ ተቀይሮ ከሆነ በአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር በኩል ሕጋዊ ሆኖ መመዝገቡን ሻጩ በወረቀት ያሳይ። የባንክ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ሳያረጋግጡ ወደ ውልና ማስረጃ አይሂዱ። ቦሎ መኖሩ መኪናዋ በምርመራው ቀን ማለፏን ብቻ ነው የሚያሳየው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድንም ያልተቃጠለ መሆኑን ይዩ።

በመጀመሪያው ሳምንት

ገዝተው ቤትዎ ያስገቧት ሚኒባስ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ሻጩ ሠራሁ ያለውን ሁሉ እንዳልተሠራ ቆጥረው ይነሱ። ቅድሚያ የሚሰጠው ለካም ቺንጋው ነው። የቱ ኤል፣ የስሪ ኤልና የፋይቭ ኤል ቺንጋ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል፤ ዳሽቦርዱ ላይ የሚያስታውስ መብራት አለ፣ በብዙ መኪኖች ግን አምፖሉ ወጥቷል ወይም ሳይቀየር ዜሮ ተደርጓል። ቺንጋው ሲበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉ፤ የአንድ ቺንጋ ዋጋ የሞተር ዋጋ ይሆናል። አብሮት የሚዞረው መወጠሪያ ኩሽኔታም ሳይቀየር ቺንጋ ብቻ መቀየር ግማሽ ሥራ ነው።

ከዚያ የሞተር ዘይትና ፊልትሮ፣ የናፍጣ ፊልትሮ፣ የአየር ፊልትሮ፣ የፍሬን ዘይት። በናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለችውን ማፍሰሻ በየወሩ ፈትቶ የተጠራቀመውን ውኃ ማስወገድ፣ በክረምት ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ። ራዲያተሩ ታጥቦ፣ ተርሞስታቱ ተመልሶ፣ አዲስ ክዳን ተደርጎ ከዝገት መከላከያ ጋር ይሞላ። ቺንጋው የተቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትር በወረቀት ጽፈው በቺንጋው ሽፋን ላይ ይለጥፉት፤ መካኒኩም የሚያየው እሱን ነው።